ሬሳው የተነፈሰበት ምሽት

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ጠብ ይለዋል? ስለ ክላረንስ ሄፕዎርዝ ከተጠየቀ በለንደን ዳርቻዋ ክሮይደን ውስጥ መልሱን የማያውቅ የለም፤ አንዲት ትንፋሽ። ፍርድ እንዲህ ሲቀል ያንገበግባል።

ክላረንስ ተዋናይ ነበር፤ ስማቸው ከማስታወቂያው ግርጌ በትንንሽ ፊደል ከሚጻፍላቸው ወገን። ያም ሆኖ በቴሌቪዥን ዳኛ ሆኖ ፈርዷል፣ ቄስ ሆኖ አጋብቷል፣ ሁለት ጊዜም ነግሧል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ግን በየሳምንቱ አዲስ አስፈሪ ታሪክ የሚያሳይ አንድ ዝግጅት ለሬሳነት ጠራው። በመርዝ የተገደለ ባለጸጋ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ይጋደማል፣ የገደለችው ሚስቱ ታለቅስበታለች፣ ኋላ መንፈሱ ይበቀላታል። መንፈሱን የሚጫወተው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

ክላረንስ ሥራ አይንቅም። ትንፋሽ መያዝን ቤቱ፣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተለማመደ። በልምምድ ጊዜ ለቅሶው አጭር ስለነበር አልተቸገረም። በቀረጻው ቀን ግን ሚስት የሆነችው ሞይራ ካሜራ ስታይ እንባዋ አልቆም አለ። ጨረሰች ሲሉ እንደገና ጀመረች፤ ይባስ ብላ ደረቱ ላይ ተደፋችበት። ክላረንስ ቻለ፣ ቻለ፣ በመጨረሻ ደረቱ ከነሞይራ ከፍ አለ።

«ተነፈስኩ» አለ ትዕይንቱ እንዳበቃ ከሳጥኑ ቀና ብሎ። «እንድገመው።»

አዘጋጁ ዴሪክ የግድግዳውን ሰዓት አየ። በዚያ ስቱዲዮ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን መብራት ይጠፋል፤ ማንም ቢለምን አይበራም።

«ማንም አላየህም፣ ወንድሜ።»

«ሴትየዋን አንስቼ አስቀመጥኳት እኮ።»

«ሐዘኗ ያነሳት ይመስላቸዋል።»

መብራቱ ጠፋ። ክላረንስ በዳበሳ ከሳጥን ወረደ።

ዝግጅቱ ሲተላለፍ ግን አገር አየው። በማግስቱ የሰፈሩ ቢራ ቤት ባለቤት ስታን ጠበቀው።

«ክላረንስ፣ ቢራ ልቅዳልህ ወይስ አበባ ላምጣ?»

«ቅዳ።»

«ሬሳ ይጠጣል እንዴ ብዬ ነው።»

ይህ ቀልድ ስታን እስኪሞት አላረጀም። የክላረንስ ሚስት ኢኒድ ሳትቀር «እናንተስ መተንፈሱን ነው ያያችሁት፤ እኔ ማንኮራፋቱን ችዬ እኖራለሁ» ትል ነበር። ሞይራን ግን የወቀሳት የለም፤ እንዲያውም ለቅሶዋ ተደነቀላት።

በዚያ ዘመን የቀረጻ ቴፕ ውድ ስለነበር አንዱን ደምስሶ በላዩ ሌላ መቅረጽ ልማድ ነበር። ዳኛው፣ ቄሱ፣ ሁለቱም ነገሥታት እንዲህ ጠፉ። የሬሳው ቴፕ ብቻ አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ተረፈ። ሰው በሠራው ሳይሆን በተረፈለት ይመዘናል፤ የሚተርፍለትን እንዲመርጥ ግን የሚያማክረው የለም።

ክላረንስ ሰማንያ ዓመት ሲደፍን፣ የድሮ ፊልም ከሚያሳድዱት ወጣቶች አንዷ፣ ጁዲት፣ ቤቱ ድረስ መጣች።

«አቶ ሄፕዎርዝ፣ እንኳን ደስ አለዎት። እርስዎ ያሉበት ቴፕ ተገኘ።»

«ዳኛው?»

«ሬሳው። በአዳራሽ ልናሳየው ነው። ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ተመልካቹ በሙሉ አብሮዎት ይተነፍሳል። እንዴት እንደሚወዱዎት ቢያዩ።»

ክላረንስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ከዚያ የተናገረው ለጁዲት ቀልድ መሰላት፤ ከልቧ ሳቀች፣ በሳምንቱም አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እሱ ግን የለመናት ይህንን ነበር፦

«የኔ ልጅ፣ ያንን ሁሉ ሲደመስሱ እጃቸው ያልተንቀጠቀጠ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንድ በሕይወት ካለ ፈልጊልኝና ይህንንም ይደምስስልኝ።»