ሰማያዊው የእናቴ ቢላ

አባቴ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር የእናቴን የሽንኩርት ቢላ ቀባው። በመኪና ቀለም። ዕድሜውን የፈጀው ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀባ ስለሆነ፣ ቤት ሲውል እጁ አላስቀምጥ አለው። እናቴ ደግሞ ለሳምንት ቢሾፍቱ እህቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ከመሄዷ በፊት "ይኼ ቢላ እኮ ዛገ" ስትል ሰምቷታል። ለእሱ ይኼ ትእዛዝ ነው።

እሷ በምትመለስበት ቅዳሜ ጠዋት ልጠይቀው ስሄድ፣ ቢላውን እንደ ሙሽራ በጨርቅ ሸፍኖ ጠበቀኝ። ገለጠው። ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚኒባስ ታክሲ ሰማያዊ ሆኗል፤ "ቦሌ! ቦሌ!" እያለ የሚጣራ ረዳት ብቻ ነው የጎደለው።

"እንዴት ነው?" አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

"አባዬ፣ በዚህ ሽንኩርት ከከተፈች እኮ ቀለም ልንበላ ነው።"

ሰውዬው ስለ ዝገት እንጂ ስለ ወጥ አላሰበም። "ሁለት ዙር ነው የቀባሁት" አለ ድምፁ ወርዶ፤ "ስትመጣ 'እጅህ ይባረክ' የምትለኝ መስሎኝ።" ልስቅ ነበር፤ አሳዘነኝና ተውኩት።

እናቴ የምትደርሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሌላ ቢላ መተካት አይሆንም። ቀኝ እጇን ቁርጥማት ከያዛት ወዲህ ያለዚያ የወይራ እጀታ መክተፍ አትችልም፤ አውራ ጣቷ የሚያርፍበት ቦታ ተበልቷል፣ ጎድጉዷል። እኔ ቦሌ ከሚገኝ ትልቅ ሱቅ የገዛሁላትን ስድስት ቢላ "ለእንግዳ ይሁን" ብላ ቡፌ ውስጥ ቆልፋባቸዋለች። እንግዳ ሽንኩርት ሲከትፍ እስካሁን አላየሁም።

አባቴ ቢላውን እንዳለ የቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ ውስጥ ሊዘፈዝፈው ተነሣ።

"እንጨቱ ጠጥቶት ቢሰነጠቅስ?" ስለው ቆም አለ። ከዚያ ወደ ሙያው ተመለሰ። መኪና ሲቀባ መስታወቱን እንደሚሸፍነው፣ እጀታውን በጋዜጣና በፕላስተር ጠቀለለው። ፈሳሹ ወደ እንጨቱ እንዳይወጣ ጫፉን ቁልቁል ዘቅዝቆ፣ በብሩሽ ወደ ታች ብቻ እየሳበ ቀባው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይኼኛው ግን አልፈታ አለን። ሦስት ጊዜ ቀብተን ሦስት ጊዜ ጠረግን።

"ምነው ትንሽ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ?" አልኩት።

"የእኔ ሥራ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም" አለ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ኮራ።

ብረቱ ከእንጨቱ የሚጋጠምባት ቀጭን መስመር ቀረች። እዚያ ፈሳሽ ማስጠጋት አይቻልም። ጊዜው ባለፈ የባንክ ካርዴ ጠርዝ ፋቅኋት፤ ካርዱ ያልደረሰበትን አባቴ በጥፍሩ ያዘው። ቀይ መብራት ሲያስቆመው የሚሳደብ ሰው፣ ትንፋሹን ውጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ጎንበስ አለ። ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግመን አጠብነው፤ በሎሚ አሸነው። ፕላስተሩን ስንልጠው እጀታው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ሁለታችንም ቁጭ አልን።

እናቴ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሽንኩርት ያዘች። ሁለት ጊዜ ከተፈችና ቢላውን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል። የቢላዬስ ዝገት የት ሄደ?"

አባቴ እኔን አየኝ። ነገርኳት፤ ሰማያዊውን፣ ሁለቱን ዙር፣ ሁሉንም። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም።

"ዕድሜህን ሙሉ የሰው መኪና ስትቀባ ኖረህ፣ አንድ ቀን ለእኔ የቀባኸውን ሳላየው ታስለቅቀዋለህ?" አለችው።

እጁን ሳብ አድርጋ ጥፍሩ ሥር የቀረውን ትንሽ ሰማያዊ አየችው።

"ያምር ነበር" አለች።