የዘይነባን ጓዳ ያስከፈትኩት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። የሻርኩትን ጾም ነግሬያቸዋለሁ፤ ከወንድሜ ጋር የተኳረፍኩትን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰው ያማሁበትንም ቢሆን አልደበቅኩም። ይህችን ግን ሁልጊዜ ዘልዬያት አልፋለሁ። እሳቸው «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል፤ እኔ «ይኸው ነው አባ» እላለሁ። ይኸው አይደለም። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው ነው። ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል የቀለለኝ።

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፤ ሀዲያ ውስጥ፣ ሀቢቾ አካባቢ ባለች አንዲት ቀበሌ እሠራለሁ። አባቴ ከሰሜን በአስተማሪነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሀዲይኛንና አማርኛን እኩል ነው አፌን የፈታሁባቸው፤ ግን የማንም ጎሳ አይደለሁም። ሠርግም ለቅሶም ብሄድ ከየትኛውም ወገን አልቆጠርም። ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። ኋላ ግን ለሥራዬ ጠቀመኝ፤ ሰው ለዘመዱ የማይነግረውን ለእኔ ይነግረኛል፤ ወሬው በእኔ በኩል ወደ ጎሳው አይደርስማ።

የዛሬ አምስት ዓመት ግድም ስለ ኦቲዝም የሚያጠኑ ሰዎች መጡ። በሕፃናትና በጉርምስና ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ ነበር ጥናቱ። ሆሳዕና ላይ ሁለት ቀን አሠለጠኑንና ታብሌት አስይዘው ቤት ለቤት ላኩን። ጥያቄው ብዙ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል ወይ፣ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል ወይ፣ አንድን ነገር እየደጋገመ ይሠራል ወይ። የሚጠየቅለት ልጅ ግን ጠፋ። በየደጁ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልጅ የለም» ነው መልሱ። እንዳለ አውቃለሁ። ለክትባት ስዞር የተቀረቀረ ጓዳ አይቻለሁ፤ ከውስጥ ድምፅ ሰምቻለሁ።

ዘይነባ ዘንድ የሄድኩት ለዚህ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወር እየቆየ ነው የሚመጣው። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። ትልቋ ረሒማ ትምህርቷን ጨርሳ ለጋብቻ የደረሰች ናት፤ ትንሿ ሱመያ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ሰፈሩ ሱመያን ሌሞ ወረዳ አያቷ ዘንድ እንዳለች ነው የሚያውቀው። እኔ ግን በሕፃንነቷ የከተብኳት ልጅ ናትና አልረሳኋትም።

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው «ስሟ አይጻፍም፤ የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ይህ እርግማን አይደለም፤ የአንቺም ጥፋት አይደለም» አልኳት። ያኔ ከልቤ ነበር። ፊቴን አተኩራ አየችው። ከዚያ «ሲስተር፣ የማንም ስላልሆንሽ ነው» አለችና የጓዳውን መቀርቀሪያ አነሳች።

ሱመያ መሬት ተቀምጣ የእንሰት ቃጫ ትለያለች። አንድ አንድ እየመዘዘች በየርዝመታቸው ጎን ለጎን ታስተኛቸዋለች። በአፍንጫዋ የምታወጣው አንድ ዜማ አላት፤ ከፍም አይል፣ ዝቅም አይል። ቀና ብላ አላየችንም። «አንዷን ቃጫ ካዛነፍሽባት ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ትውላለች» አለችኝ እናቷ። ጥያቄውን ሁሉ ጠየቅኳት። ሁሉንም መለሰች፤ ያልጠየቅኳትንም ጨመረችልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ልጇ የጠየቃት ሰው አልነበረማ። በጣቷ ፈረመች። ስወጣ እጄን ይዛ «አደራ» አለችኝ። እኔም «አይዞሽ» አልኳት።

ከወር በኋላ ጋሽ ኑሪዬ ጤና ኬላው መጡ። ደም ግፊት ልለካ ነው አሉ። የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የወንድማቸው ልጅ ረሒማን ሊያገባ ነገር ተጀምሯል። እዚህ አገር ከጋብቻ በፊት ይጣራል። በዘራቸው ምን አለ፣ ማን በምን ሞተ፣ ሁሉ ይጣራል። ተጠይቆ የደበቀ ሰው፣ ኋላ ነገሩ ሲወጣ የሚወቀሰው እሱ ነው። መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቅልዬ ስነፋ፣ «ልጄ፣ ዘመድ ብጠይቅ ያዳላል። አንቺ የማንም አይደለሽም። ዘይነባ ቤት ምን አለ?» አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱ። ዘይነባ ጓዳዋን የከፈተችልኝም፣ ጋሽ ኑሪዬ የጠየቁኝም በአንድ ምክንያት ነው።

«አላውቅም» ማለት አቅቶኝ ነበር? «በሥራ ያየሁትን አልናገርም» ብል ማን ምን ያደርገኝ ነበር? እኔ ግን ነገርኳቸው። «አንዲት ልጅ አለች፤ ደብቀዋት ነው» አልኩ። እዚያ ላይ እንኳ ባቆም። «ይህ ነገር በዘር ይሄዳል?» አሉኝ ቀጥለው። በሥልጠናው የሰማሁት ትዝ አለኝ። አሠልጣኙ ያሉት ረጅም ነበር። መንስኤው አንድ አይደለም፤ ከዘር የሚመጣ ነገርም ሊኖርበት ይችላል፤ ያ ማለት ግን እህቷ የግድ እንዲህ ያለ ልጅ ትወልዳለች ማለት አይደለም፤ በዚህ የተነሳ ቤተሰብ እንዳይገለል አደራ ብለውን ነበር። እኔ ከዚያ ሁሉ መሐል አንዷን ብቻ መዘዝኩ። «አዎ፣ በዘር ይመጣል። በጥናት የተረጋገጠ ነው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔን አላመለጠኝም። ሽማግሌ ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬያለሁ፤ እሱም ውሸት ነው። ደስ ብሎኝ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በየሠርጉ ዳር ተቀምጬ የኖርኩ ሴት፣ የአገር ሽማግሌ ሊጠይቀኝ መጣ። አዋቂ መባል ጣመኝ። «ጥናት» የምትለውን ቃል ስናገር ድምፄ እንዴት እንደኮራ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ግፊታቸውንም ለካሁላቸው፤ ደህና ነበር።

ጋብቻው ቀረ። ለምን እንደቀረ በግልጽ የተናገረ የለም፤ ሁለት ገበያ ሳይሞላ ግን ሱመያን የማያውቅ ሰው ጠፋ። ረሒማ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ዘይነባ አንድ ቀን ብቻ ጤና ኬላው መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ በወደድኩ። በሩ ላይ ቆማ «ለዘመዴ ብነግረው እኮ ይደብቅልኝ ነበር» አለችና ተመልሳ ሄደች።

ባለፈው ዓመት ጥናቱን የሠሩት ሰዎች ተመለሱ። አይመለሱም ብዬ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ለእነዚህ ልጆች አንድ ክፍል ተከፍቷል፤ ለዚሁ የሠለጠነች መምህርት ተቀጥራለች። ቦታው ጥቂት ስለሆነ በጥናቱ ያገኘናቸውን ልጆች ቤተሰብ ጥሩልን አሉን። ከቁጥሮቹ መሐል የሱመያ አለ። ቁጥሯን በቃሌ ነው የማውቀው።

ሄድኩ። ዘይነባ ከስታለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ስለ ክፍሉ ነገርኳት፤ ስለ መምህርቷ ነገርኳት፤ ልጆቹን የሚያመላልስ መኪና እንዳለም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «ሲስተር፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልጅ የለም» አለች። ከኋላዋ፣ ከጓዳው፣ ያ ከፍም ዝቅም የማይል ዜማ ይሰማል። እሷም ትሰማለች፤ እኔም እሰማለሁ።

እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በእኔ ጥፋት ልጅቷ አትቅር» ማለት ነበረብኝ። ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ፤ በማግሥቱም በሳልስቱም መመላለስ ነበረብኝ። መጠይቁን ለመሙላት ሦስት ጊዜ የተመላለስኩ ሰው፣ ለልጅቷ ሁለተኛ መሄድ አቃተኝ። ታብሌቱን አወጣሁና «ልጁ በቦታው አልተገኘም» የሚለውን ነካሁ። እዚያው ደጃፏ ላይ ቆሜ፣ ዜማውን እየሰማሁ ነው የነካሁት። ቦታዋ ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ቃሌን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የጠፋችው ግን ዘይነባ የወለደቻት ናት።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ የነፍስ አባቴም አይደለም። የዘይነባ ነው፤ እሷን ደግሞ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ሱመያ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ለክትባት ስወጣ መንገዴ በዚያ ደጅ ነው። ዜማው ይሰማኛል፤ እኔም እርምጃዬን ፈጠን አደርጋለሁ።