የዓይኑ ነጭ

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ልጁ ቀለም እንድትቆጥርለት የነበረው ምኞት ከማንም አባት አያንስም። ቀለም መቁጠር ማለት መማር መሆኑን ለማስረዳት ማንም አይደክምም፤ እሷ ግን ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ፊልም ትምህርት ቤት ገባችና «የማጠናው የፊልም ቀለም ነው» ብላ ቁጭ አለች። ሾፌሩ ይህን ለባልደረቦቹ ሲያወራ፣ «እኔ ቀለም ትቁጠር አልኩ እንጂ ቀይ አንድ፣ ሰማያዊ ሁለት እያለች ትቁጠር መች አልኩ!» ይልና ከሰሚው ቀድሞ ራሱ ይስቃል። ከዚያ ወዲህ በቤትም በሰፈርም ስሟ ቀለሜ ሆኖ ቀረ።

የምትመኘው ሥራ ለቤተሰቧ በቀላሉ የሚገባ አልነበረም። ፊልሙ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ለእያንዳንዱ ምስል ቀለሙን የምትሰጠው ሰው መሆን ነበር የፈለገችው። እናቷ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ሠራተኛ ናት፤ ነገር ሲወሳሰብ አትወድም።

«ሲቀረጽ ቀለም የለውም እንዴ?»

«አለው እማዬ። ግን ይስተካከላል።»

«ታዲያ ያ የቀረጸው ሰውዬ ምን ሲሠራ ነበር?»

ትምህርት ቤት ደግሞ የቀለም መምህሩ አሉ። ሰውየው ስለ ቀለም ሲያስተምሩ የሚውሉት ዓመቱን ሙሉ በአንድ ግራጫ ኮት ነው፤ ተማሪዎቹም አመዶ ብለዋቸዋል። አመዶ ግን ሲናገሩ ክፍሉ ጸጥ ይላል። «ፊልም ውስጥ ቀለም ለጌጥ አይገባም» ይላሉ። «ቀይ ከገባ ወይ ፍቅር ወይ ደም ሊመጣ ነው። ሰማያዊ እርጋታ ነው፤ ብቸኝነትም ነው። ቢጫ ከገባ ግን ተጠንቀቁ። ቅናት ነው፣ በሽታ ነው፣ የሆነ ነገር ከውስጥ እየበሰበሰ ነው።»

ቀለሜ ይህ ነገር ልቧን ወሰደው። መንገድ ላይ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ካየች፣ በቃ አንድ ነገር ሊፈጠር ነው ብላ ቆማ ትጠብቃለች። ሴትዮዋ ዳቦዋን ገዝታ ወደ ቤቷ ትገባለች። ቀለሜም አፍራ መንገዷን ትቀጥላለች። ወጣትነት እንዲህ ነው፤ ዓለም ሁሉ ለእሷ ተብሎ የተቀረጸ ይመስላታል።

ለመመረቂያዋ የሠራችው አጭር ፊልም ስለ አባቷ ነበር። በዕረፍት ቀኑ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ስለ መንገድ፣ ስለ ተሳፋሪ፣ ስለ ፍሬን ያወራል፤ ሌላ ታሪክ የለውም። ቀለሙን አስቀድማ ወስናለች። ሰማያዊ የሥራ ሸሚዙ፣ ነጭ መጋረጃ፣ ከጀርባው ግራጫ ግድግዳ። አባቷ በእሷ ፊልም ውስጥ እርጋታና እምነት ነው፤ ሌላ ቀለም አይገባም።

«እጄን የት ላድርገው?» አላት ካሜራው ፊት ሲቀመጥ። «መሪ ካልያዘ እኮ ምን እንደሚሠራ አያውቅም።»

«ጉልበትህ ላይ አድርገው። አባዬ፣ ማከኩንም ተው፤ ምስሉ ላይ ይታያል።»

«ሰሞኑን ሰውነቴን ይበላኛል። ሳሙናው ነው መሰለኝ።»

እሺ አለና ማከኩን ተወ። የልጁን ሥራ ላለማበላሸት ሲል ያሳከከውን ሁሉ ዋጥ አድርጎ ተቀመጠ።

ምስሉን ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው የአባቷ ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ የዓይኑ ነጭ ግን ነጭ አልነበረም። ቢጫ ነው። ቀለሜ ተናደደች። የትምህርት ቤቱ ካሜራ ያረጀ ስለሆነ ተማሪዎቹ ሽማግሌው ይሉታል፤ አንዳንዴ የቀረጸውን ሁሉ ቢጫ ያደርጋል እየተባለም ይታማል። አመዶ ከጀርባዋ መጥተው አጎንብሰው አዩት።

«ይሄ ቢጫ ምንድን ነው?»

«ካሜራው ነው መምህር።»

«ምክንያት የሌለው ቀለም አይቀመጥም። አውጪው።»

አወጣችው። ዓይኑን ብቻ ለይታ ቢጫውን ቀስ አድርጋ ሳበችው፤ ከዚያም ከፊቱ ላይ ቀነሰችለት። አባቷ ስክሪኑ ላይ ወጣት ሆነላት። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእሷ ልብ ግን ዓይኗ ሳያይ ቀድሞ ፈርዶ ነበር።

ፊልሙ በታየበት ቀን ሾፌሩ ከሥራ በቀጥታ መጣ፤ ጥቁር መነጽሩን ያወለቀው አዳራሹ ከጨለመ በኋላ ነው። ሲያልቅ ጭብጨባው ቀለጠ። አንዲት የፊልም ድርጅት ባለቤት ቀለሜን ጠርታ፣ «የሰውየውን ዓይን እንዲህ ያጠራሽው አንቺ ነሽ? ስትመረቂ መጥተሽ አነጋግሪኝ» አለቻት። አባቷ ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ።

«ዓይኔ ልጄን ሥራ አስቀጠራት በሉ!» አለ ላገኘው ሁሉ።

እናትየው የዓይኑን ቢጫ ለምን አላየችም የሚል ይኖራል። ሾፌሩ ሳይነጋ ይወጣል፣ መሽቶ ይገባል። ቀን ቀን ፀሐዩን የሚመክተው በጥቁር መነጽር ነው። የቤታቸው አምፖል ደግሞ ግድግዳውንም፣ ዳቦውንም፣ ድመቷንም ቢጫ የሚያደርግ ዓይነት ነው። የእሱ የዕረፍት ቀን እሷ ፋብሪካ የምትውልበት ነው። ባልና ሚስቱ በቀን ብርሃን ፊት ለፊት ከተያዩ ወራት አልፈዋል፤ የሠራተኛ ቤት እንዲህ ነው የሚኖረው። እህል አልበላው ሲል ድካም ነው አሉ፤ ሱሪው ሲሰፋው እናትየው ወገቡን አጠበበችለት።

ያየው ትኬት ቆራጩ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሾፌሩ መነጽሩን አውልቆ ላቡን ሲጠርግ፣ «ሾፌር! ዓይንህ እኮ የእንቁላል አስኳል መስሏል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላከ።

«ዓይናቸው ቢጫ መሆን የጀመረው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች ሐኪሟ።

«በዚህ ሳምንት ነው ዶክተር» አለች እናት ፈጠን ብላ። «ከዚያ በፊት ምንም አልነበረውም። አይደለም እንዴ ቀለሜ? አንቺ እንኳ ቀርጸሽው የለ?»

ቀለሜ ክው አለች። እንደምንም «አዎ» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ሐኪሟ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አየችና ለእናትየው ቀስ ብላ ነገረቻት። ከጉበቱ የሚወጣውን ቱቦ የዘጋው እጢ ነው። ቢጫው ብቅ እንዳለ ቢመጡ ኖሮ በቀዶ ጥገና የማውጣት ዕድል ነበር፤ አሁን ተሰራጭቷል። እናትየው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ራሷን መብላት ጀመረች። «ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ተኝቶ ሳላይ!» ትላለች፤ ወራት መሆኑን አታውቅም።

ቀለሜ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ ያልተነካውን ቅጂ ከፈተችው። ዓይኑ ቢጫ ነው። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ግን ግራጫ ነው። መጋረጃውም እንደ ታጠበ ነጭ ነው። ጥፋቱ የካሜራው ቢሆን ኖሮ መጋረጃውም ቢጫ መሆን ነበረበት፤ ይህ የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው፣ ፈተና ላይም ወጥቶ በትክክል መልሳዋለች። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ተመርቃ ፊልም ድርጅቱ ውስጥ ሥራ በጀመረችበት ሳምንት ለአባቷ ልትነግረው ቆርጣ ሄደች። አልጋው ላይ ቀና ብሎ ጠበቃት።

«ሥራውን ጀመርሽ?» አላት።

«ጀመርኩ አባዬ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ! አሁን ብሞትም አይቆጨኝ» አለና እጇን ይዞ እንቅልፍ ወሰደው። ያን ቀን አልነገረችውም። በሚቀጥለውም ቀን አልነገረችውም፤ ከዚያ የሚነገረው ሰው አልነበረም።

ለማጽናናት የመጣው ሰው ቤቱን በሞላበት ዕለት የአባቷ እህት ልቧ አልቻለም። ሁሉም እየሰማ፣ «አብረሽው እየተኛሽ እንዴት የወንድሜን ዓይን ማየት አቃተሽ?» አለች። እናትየው ተነስታ ቴሌቪዥኑን ከፈተች፤ የልጇን ፊልም ከፈተች። ሾፌሩ በሰማያዊ ሸሚዙ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ መሳቅ ጀመረ።

«ይኸው!» አለች እናት ስክሪኑን እየነካች። «ይሄ ከስንት ወር በፊት ነው? ዓይኑን እዩት! ምን ነበረውና ነው የማየው? ድንገት ነው የመጣበት፤ ማንም ሊያየው አይችልም ነበር!»

ሁሉም አየ። የአባቷ እህት እየተንሰቀሰቀች እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ለመነቻት። ቀለሜ የውሃ ብርጭቆዎች እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ብትናገር ራሷን ብቻ የምታጋልጥ መስሏት ነበር። አሁን ግን ገባት፤ ያ ዓይን ቢጫ ከነበረ እናቷ አንድ ሳምንት ሳይሆን ወራት ሙሉ አላየችም ማለት ነው። የእናቷ ምስክር ያ ፊልም ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው አለችና ውሃውን ለእንግዶቹ አደለች።

ሰው ከተበተነ በኋላ እናቷ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ከፊልሙ ላይ ያቺን ወደ እኛ የሚያይባትን አውጪልኝ። ትልቅ አድርገሽ አሳጥበሽ አምጪልኝ፤ አልጋዬ ፊት ለፊት እሰቅላታለሁ።»

ቀለሜ መሥሪያ ቤቷ ሄዳ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፈተች። ቢጫው አባቷ ነው፤ እየታመመ፣ እያሳከከው፣ ለእሷ ሲል እጁን ጉልበቱ ላይ ያደረገ። ነጩ በሕይወት ኖሮ የማያውቅ ሰውዬ ነው። ዓይን ያወጣ ነጭ ውሸት የሚባለው እንግዲህ ይሄው ነው፤ በገዛ እጇ የሠራችው፣ ተጨብጭቦለት ሥራ የተቀጠረችበት። ብዙ ቆየች። ከዚያ ነጩን አሳተመችው።

እናትየው ፎቶውን ራሷ ሰቀለችው። መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና ራቅ ብላ አየችው፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

«ዓይኑን እስቲ እይው፤ ወተት አይመስልም?»

«አዎ እማዬ» አለች ቀለሜ። «ወተት ይመስላል።»