ቆሞ የሚጠብቅ ፈረስ

አርብ ገበያ በደረስኩ ቁጥር ፈረስ ተራ ሳልገባ አልመለስም። የምገዛው ፈረስ የለም፤ የምገዛለትም ሰው የለኝም። ግን ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ጥርስ አያለሁ፣ ሰኮና አነሣለሁ። ደላሎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «መምህሩ ደግሞ ሊፈትነን መጣ!» ብለው ይሳሳቃሉ። እኔም አብሬያቸው እሥቃለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውን ግን ማን ያውቃል።

የማስተምረው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። የተወለድኩት ግን ከአርብ ገበያ ቁልቁል አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ እዚያው ብቻቸውን ቀሩ። እኔ ጋ ይምጡና አብረን እንኑር ስላቸው «አጥቢያዬን ጥዬ ወዴት ነው የምሄደው?» ይሉኛል። አጥቢያቸው ያለው ከመንደሩ በላይ፣ ወደ ገበያው በሚያወጣው ዳገት ጫፍ ላይ ነው። ያንን ዳገት ዕድሜ ልካቸውን በየሰንበቱ ሲወጡት ኖረው በመጨረሻ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። ጎረቤቶች «በቃሬዛ ተሸክመን እናድርስዎ» ቢሏቸው ተቆጡ። «በሰው ትከሻ የምሄደው አንድ ቀን ብቻ ነው። እስከዚያ በራሴ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ እሑድ ጠዋት የቅዳሴው ደወል ሲሰማ ይነሡና የበረንዳውን ምሰሶ ይዘው ይቆማሉ። ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አድርገው እስኪደክማቸው ይቆማሉ። እኔ ይህን ማየት አልችልም ነበር።

ለፋሲካ ቤት ስሄድ «ፈረስ ግዛልኝ» አሉኝ። አባቴ ከእኔ ምንም ነገር ለምነው አያውቁም። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም፤ ስለ ፈረስ የማውቀው ተማሪ ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀውን ያህል ጥቂት ነው።

«መልኩን አትይ» አሉኝ። «ጥርሱም ቢሆን ዕድሜውን እንጂ ጠባዩን አይነግርህም። ከማን እጅ እንደወጣ፣ ማን ይጋልበው እንደነበረ ጠይቅ። የሚሮጥማ ሞልቷል። ለእኔ የሚሆነኝ እስክወጣ ቆሞ የሚጠብቀኝ ነው። ለመቆሙ ክፈል። ለእሱ የጠየቁህን ብትሰጥ አልተሞኘህም።»

ከበዓሉ በኋላ በገበያው ቀን አርብ ገበያ ወጣሁ። ፈረስ ተራው ዳር ላይ ከል የለበሰች ሴት አንድ ቡላ ፈረስ ይዛ ቆማለች። ዋጋውን ስጠይቃት የሦስት ወር ደመወዜን ጠራችልኝ።

«እንዴ እቴ! ፈረስ ነው ወይስ ባጃጅ?»

አልሣቀችም። «የአባቴ ነው። እሳቸው ካረፉ ወዲህ የሚጋልበው አጣ። እስቲ ጋልበው ይዩት» አለች።

ነፍስ ይማር አልኳት። አባትሽ ማን ነበሩ፣ ምን ነበር ሥራቸው፣ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው። አልጠየቅኩም። አእምሮዬ ሂሳብ ላይ ነበር።

መታወቂያዬን አስይዤ ወጣሁበትና ወደ መንደራችን በሚወስደው መንገድ ነዳሁት። አረማመዱ ጀርባው ላይ ሻይ ያስጠጣል። ጥቂት እንደሄድን ስልኬ ጮኸ፤ ርእሰ መምህሩ ስለ ፈተና ወረቀት ነው። እያወራሁ ትልቁ ጽድ ሥር ስንደርስ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። በተረከዜ ነካሁት፤ ምንም። ልጓሙን ነቀነቅሁ፤ ምንም። ረገጥኩት። ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

ከገበያ የሚመለስ አንድ ጎረምሳ «መምህር፣ ነዳጅ ጨርሶብዎት ነው!» ብሎ አላፊውን ሁሉ አሣቀብኝ። አፈርኩ፤ ካፈርኩ ደግሞ መናደዴ አይቀርም። ፈረሱን በግድ አዙሬ ወደ ገበያው መለስኩት።

«እህቴ፣ ፈረስሽ ግትር ነው» አልኳት።

«ግትር? የት ጋ ነው የቆመብዎት?»

ዓይኔ ግን እሷን አልፎ አንድ ዳማ ፈረስ ላይ አርፏል። አንገቱን ቀልብሶ መሬቱን ይኮተኩታል፤ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። ዋጋውም ከቡላው በአንድ ወር ደመወዝ ያንሳል። ገዛሁት።

አባቴ ሁለት ጎረቤቶች ደግፈዋቸው እግራቸውን እርካብ ውስጥ ሲያስገቡ ዳማው ተንቀሳቀሰ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። በሦስተኛው ሊወድቁ ሲሉ ያዝናቸው። አንገቱን መታ መታ አደረጉትና «ጎበዝ ፈረስ ነው። ለጎበዝ ይሁን» አሉ። በሳምንቱ ቡላውን ፍለጋ ብወጣ ተሽጧል። ዳማውን በኪሳራ ሸጥኩት፤ አባቴም ሌላ እንዳልገዛ ከለከሉኝ፤ እኔም ወደ እስቴ፣ ወደ ተማሪዎቼ ተመለስኩ። እሳቸው ወደ ምሰሷቸው ተመለሱ።

ለጥምቀት እረፍት ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ በፈረስ ይሄዳሉ። ወዲያው አወቅሁት፤ ቡላው ነው። ጽዱ ሥር ሲደርስ ቀጥ አለ። ሽማግሌው ኮርቻውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አማተቡና ሦስት ጊዜ ሰገዱ። እኔም ወደሚሰግዱበት ቀና ብዬ ሳይ በቅርንጫፎቹ መሀል የአጥቢያችን ጉልላት ይታያል።

መሳለሚያው ነው። ከገበያውም ከመንደሩም ለሚመጣ ቤተ ክርስቲያኑ መጀመሪያ የሚታይበት፣ ማንም ወርዶ ሳይሳለም የማያልፍበት ቦታ። አባቴ በልጅነቴ እጄን ይዘው ያሳለሙኝ እዚሁ ጽድ ሥር ነው። ያን ለት እኔ ስልክ ሳወራ ፈረሱ እስክወርድ ይጠብቀኝ ነበር።

ሽማግሌው ፈዝዤ ሲያዩኝ «የቄስ ፈረስ ነበረ» አሉኝ። «አርብ አርብ ገበያ ሲወጡ እዚህ ይወርዱ ነበር። እኔ ብረሳ እሱ አይረሳም።» ከዚያ መንገድ ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጡ። እግራቸው እርካቡን ያገኘው በአራተኛው ሙከራ ነው። ቡላው እንደ ጽዱ ቆሞ ጠበቃቸው።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኳቸው።

«አልወረድክም?» አሉኝ።

«አልወረድኩም። ረገጥኩት።»

ወደ ዳገቱ ቀና ብለው አዩ። «የገዙት ሰውዬ፣ ጉልበታቸው እንዴት ነው?»

«እንደ እርስዎ ነው።»

«እንኳን እሳቸው አገኙት» አሉ።

ምነው ያኔ በተቆጡኝ! ቁጣቸው ዛሬ ይናፍቀኛል። ድምፃቸው ይናፍቀኛል። ከሁሉ በላይ የሚናፍቀኝ ግን ያላየሁት ነገር ነው፦ አባቴ ቡላ ፈረስ ላይ ሆነው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እሑድ ጠዋት ያንን ዳገት በራሳቸው ሲወጡት።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው በጭቃው ዳገቱን አወጧቸው፤ እኔም ከፊት አንዱን ጫፍ ይዣለሁ። ጽዱ ሥር ስንደርስ ማንም ሳይናገር ሁሉም ቆመ። አንዱ «አሳርፏቸው» አለ። ሽማግሌው ፈረሳቸው ላይ በወጡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳረፍናቸው፤ ካህናቱም ጸሎት ጀመሩ። አባቴን በራሳቸው እዚያ ለማድረስ የጎደለኝ የአንድ ወር ደመወዝና አንድ ጥያቄ ነበር።