እናቴና የሰኞ ፍተሻ

የድኝ ሽታ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬን ሲነካኝ መንገዴን እቀይራለሁ። ባለፈው ሰሞን ገበያ ውስጥ የባህል መድኃኒት በሚሸጥ ሰውዬ ፊት ሳልፍ ያ የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ ያዘኝና፣ ያደግኩባት የወረታ ከተማ፣ እናቴ የምታስተምርበት የቆርቆሮ ክፍልና በቅባት የተለወሱ ጣቶቻችን ተግተልትለው መጡብኝ። የልጅነት ትዝታ የሚጣፍጣቸው ሰዎች አሉ፤ እኔን አብዛኛው ያቅለሸልሸኛል።

እናቴ በደርግ ዘመን የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤ እኔም ከተማሪዎቿ አንዷ ነበርኩ። ጎንደር ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ንጽሕና የምትወድ፣ እንዲያውም ንጽሕና ያሳበዳት ሴት ነበረች ብል አላጋነንኩም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የፎገራ ሜዳ ገና ከውሃው ስላልተላቀቀ፣ የገጠር ልጆች ጭቃውን እስከ ጉልበታቸው እያቦኩ መጥተው ክፍሉ ውስጥ ሲታጨቁ፣ እርጥብ ጋቢ፣ እበት፣ ላብና ፀጉር ላይ የከረመ ቅቤ ተደባልቀው የሚሰጡት ሽታ ነበር፤ እሱን መጻፍ ራሱ ይቀፈኛል። የሚያስለው ከፊቱ የተቀመጠው ልጅ ማጅራት ላይ ያስል ነበር፤ ንፍጡ የወረደው በእጁ ይጠርግና በዚያው እጁ እርሳስ ይበደር ነበር፤ ዝንብ ከአንዱ ዓይን ተነስታ ሌላው ዓይን ላይ ስታርፍ እሽ የሚላት አልነበረም። ደጃፍ ላይ ከቆመው በርሜል ሁላችንም የምንጠጣው በሽቦ በታሰረች አንዲት ጣሳ ሲሆን፣ ጠርዟ ከንፈር ሲነካ ያሙለጨልጭ ነበር።

እናቴ ይህን ሁሉ የምትቋቋምበት የራሷ ሥርዓት ነበራት። ከዚያች ጣሳ አንድ ቀን ቀምሳ አታውቅም፤ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውሃ በጠርሙስ ይዛ መጥታ መሳቢያዋ ውስጥ ትቆልፍበት ነበር። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር፣ እንዶድ ወቅጣ ታስቀምጥና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማናችንንም ሳትነካ በጓሮ ገብታ፣ ልብሷን አውልቃ ትዘፈዝፍ ነበር። አባቴ «ዛሬ ደግሞ ቆዳሽንም አብረሽ እንዳትዘፈዝፊው» እያለ ይቀልድባት ነበር። የተማሪ ወላጆች ለዝክር ጠርተዋት ሊያጎርሷት ሲነሱ ማምለጫዋ አንድ ነበር፤ «የስዕለት ጾም ይዣለሁ» ትላለች። በፍስክ ቀን ሳይቀር ስለምትጾም የደብሩ ቄስ ጭምር ያከብሯት ነበር፤ በመላው ወረታ እንደ እናቴ ያለ ጾመኛ አልነበረም።

ከሥርዓቶቿ ሁሉ የምንፈራው የሰኞ ጠዋት ፍተሻ ነበር። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ወደ ክፍል እንደገባን፣ በየዴስኩ እየዞረች ፀጉራችንን በእርሳስ ጫፍ እየገለጠች ቅማል ትፈልጋለች፤ ከዚያም ጣቶቻችንን አስዘርግታ እከክ ያየችበትን ልጅ «ሂድ፣ ሲሽርህ ትመጣለህ» ብላ ወደ ቤቱ ትሰደው ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ ግን ታልፈኝ ነበር። በገዛ እጇ እየፈተገች ያሳደገቻት ልጅ ምን ሊገኝባት ይችላል?

ራሴን ችዬ መታጠብ በጀመርኩበት በዚያ ዓመት ግን እኔን ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ በጣቶቼ መካከል ያሳክከኝ ነበር። ማከክ ነውር በሆነበት ቤት ስላደግኩ፣ የሹራቤን እጅጌ እስከ ጣቶቼ ጫፍ እየሳብኩ ደብቄው ከረምኩ። ይህን የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ስመኝ። ስመኝ ከሜዳው ማዶ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር፣ ሒሳብ ከማናችንም በላይ የምታውቅ ልጅ ነበረች፤ አባቷ የላካት ወድዶ ሳይሆን ገበሬ ማኅበሩ ስላስጨነቀው ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘን እንውል ነበርና ብዙም ሳይቆይ እሷም ማከክ ጀመረች።

መስቀል ባለፈ ሰኞ እናቴ የስመኝን ጣቶች በእርሳሱ ፈልቀቅ አድርጋ አየችና ፊቷን አዞረች።

«እትዬ፣ አባቴ አንዴ ከቀረሁ መልሶ አይሰደኝም» አለች ስመኝ።

«ሌሎቹን ላስጨርስልሽ ታዲያ? ሂጂ፣ ሲሽርሽ ትመጫለሽ።»

ስመኝ እጅጌዬን አየች፤ እኔ ጥቁር ሰሌዳውን አየሁ። ብትናገር ኖሮ ተያይዘን እንወጣ ነበር። አልተናገረችብኝም፤ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰና እንደ ልማዱ «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ በሽታ ከሰፈር እንዲወጣ በየደጁ ጥራጊ ሲቃጠል፣ የአሮጌ ፍራሻችንን ገለባ እየዛቅሁ ወደ እሳቱ እንዳመላልስ እናቴ እጅጌዬን ጠቀለለችልኝ። ቁስሉን አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመስቀል በፊት።»

ጭሱ መሀል ቁጭ ብላ የገዛ እጇን አንጓ ማከክ ጀመረች። ለካ እሷም ይዟታል! ከዚያ በኋላ ድኝ በቫዝሊን እየለወሰች ሁለታችንንም ትቀባ ነበር። ስንቱን ልጅ የሰደደችው አስተማሪ ራሷን ግን አልሰደደችም፤ ታኅሣሥን ሙሉ ረጅም እጅጌ ለብሳ፣ የጠመኔው ብናኝ ቁስሏ ላይ እያረፈባት አስተማረች። የስመኝን መሰደድ ግን አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

ቅባቱ አልበጅ ሲል፣ ጥር ላይ ጥምቀት እንዳለፈ አባቴ ወደ ወንዛዬ ፍልውሃ ወሰደን። የሴቶቹ ተራ ደርሶ ወደ ገንዳው ስንገባ፣ ውሃው እንደ ምራቅ ለብ ያለ፣ እዚህም እዚያም የቁስል ጨርቅ የሚንሳፈፍበት፣ አረንጓዴ ዝልግልግ ያለበት ነበር፤ የሰው ቅርፊት ክንዴ ላይ ተለጥፎ ሲቀር ልጮህ ምንም አልቀረኝም። እናቴ ዓይኗን ጨፍና እስከ አንገቷ ገባች።

ስትገልጠው ስመኝና እናቷ ፊት ለፊታችን ነበሩ።

«እትዬ፣ እርስዎንም ያዘዎት?» አሉ የስመኝ እናት፣ ያለ አንዳች ክፋት። ከገንዳው ጠርዝ ላይ ካስቀመጡት ስልቻ በሶ አውጥተው፣ በዚያው ውሃ በራሰ፣ በቆሰለ እጃቸው ጨበጡና ወደ እናቴ አፍ ዘረጉ። «ይጉረሱ እንጂ፣ ውሃው ያደክማል።»

እናቴ ስዕለት አላነሳችም። አፏን ከፍታ ጎረሰችና ቀስ ብላ አላመጠች።

«ስመኝን ሰኞ ይላኩልኝ» አለች ከዋጠች በኋላ። «ቢሽራትም ባይሽራትም ትምጣ።»

«አሁንማ አባቷ ቃል አስሯል። ጾሙ ሳይገባ ልንድራት ነው፤ ቆዳዋ ይጥራልን ብለን ነው ያመጣናት።»

«ልጅ ናት እኮ!»

«እርስዎ ሲመልሷት ጊዜ ቤት ቁጭ ብላ ምን ትሥራ ብለው ነው?»

ስመኝ ውሃውን በመዳፏ እየዛቀች ታፈስ ነበር። እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች። እከኩ ከእኔ እንደተጋባባት አሁንም አልተናገርኩም፤ ብናገርስ ምን ይመለስ ነበር እያልኩ ዛሬ ድረስ ራሴን አጽናናለሁ።

ከየካቲት ጀምሮ እናቴ አንድም ልጅ ወደ ቤቱ ሰዳ አታውቅም። ሰኞ ሰኞ የታመሙትን ከክፍሉ ጀርባ አሰልፋ፣ ያለ እርሳስ፣ በባዶ እጇ ድኙን ትለቀልቃቸው ነበር፤ እከኩ እሷንም ደጋግሞ ያዛት። እየተጸየፈች እንደነበር ከከንፈሯ አጣጣል አውቅ ነበር፤ መጸየፉ ጡረታ እስክትወጣም አልለቀቃትም።

ዛሬ የልጄ ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ውሃና ሳሙና አለ። ባለፈው ወር ዓይኗ ቀልቶ ሳምንት ቤት ስትውል አስተማሪዋ በስልክ እየደወለች «እንዴት አደረች?» ስትል ሰነበተች፤ በሳምንቱ ሰኞ ልጅቷ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። በእኛ ጊዜ ቤት መስደድ እንጂ መመለስ አልነበረም። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስመኝ በተሰደደች ማግስት ዴስኩ ሰፍቶልኝ ክርኔን ዘርግቼ ጻፍኩ፤ ደስ ብሎኝም ነበር።