እናንተ ቤት ሰው ሲናደድ

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ ሮቢት ላይ ሌላ ሱቅ መከራየቱን ከጎረቤት ሰማሁ። ቆቦ ካለው የእህል መደብራችን በር ላይ ቆሜ፣ ገበያተኛው እየሰማ ጮህኩበት። አንዲት ቃል አልመለሰልኝም። ከዚያ በኋላ አብረውን ከሚኖሩት እናቱ ጋር በትግርኛ ያወራ ነበር፤ እኔን ሲያይ ግን አንገቱን ይደፋ ነበር።

እኔ ያደግሁት ከጎብዬ በላይ ባለው ደጋ ነው። አባቴና እናቴ ሲጣሉ ማዶ ድረስ ይሰማል፤ እራት ላይ ግን አንድ ትሪ ከበው ይሳሳቃሉ። ስለዚህ የባለቤቴ ዝምታ ንቀት መሰለኝ። ልፈታው ቆረጥኩ።

ልጄን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ፊቴን አይታ እዚያው ወዳለች የቤተሰብ አማካሪ ላከችኝ። አማካሪዋ ለአገሩ እንግዳ የሆነች ወጣት ናት። ባለቤቴን ለምኜ ይዤው ሄድኩ።

«እየተያያችሁ የተሰማችሁን ተነጋገሩ» አለችን።

እሱ መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ ተነሥቶ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይፈርድበት ነበር። እሷ ግን «አጥፍቻለሁ፤ ልማዳችሁን ሳልጠይቅ ጀመርኩ» አለችኝ። «ሲከፋው ለማን ነው የሚናገረው?»

«ለእናቱ።»

«እንግዲያው እሳቸውም ይምጡ።»

አማቴ ከልጃቸው ጋር መጡ። አማካሪዋ የራሷን ወንበር ለቀቀችላቸውና «እናቴ፣ እናንተ ቤት ሰው ሲናደድ ምን ያደርጋል?» አለቻቸው።

«ዝም ይላል። አባቱም እንዲሁ ነበሩ። ልጄ ዝም ያላት ክፉ ቃል እንዳይወጣው ብሎ፣ አክብሯት ነው። እኛ ዘንድ በሰው ፊት የሚጮህ፣ ሊለያይ የቆረጠ ሰው ነው።»

ደነገጥኩ። ጮኸው ስለሚታረቁት ወላጆቼ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አለ። ሱቁንም የደበቀኝ ለእኔ አሰናድቶ ድንገት ሊያሳየኝ አስቦ እንደነበር ነገረኝ።

ዛሬም እንጣላለን። የእኔ ድምፅ ከፍ ይላል፤ እሱ «ተናድጃለሁ፣ ትንሽ ልቆይ» ብሎ ይወጣና ተመልሶ ይናገራል። ያቺን አማካሪ ባሰብኳት ቁጥር አደንቃታለሁ፤ ማናችንንም ጥፋተኛ ሳታደርግ አስማማችን። አማቴማ ከእኔ ይብስ ወደዷት። በቀደም የጎረቤታችን ልጅ ከባሏ ተኳርፋ ስትመጣ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ባጃጅ አስቆሙና ራሳቸው ወደ አማካሪዋ ወሰዷት።