የግራው ገበር

እህቴ ከተቀበረች በኋላ እናቴ ልብሶቿን ለሰደቃ ለየች። ቀሚሶቹን ሰጠችኝና፣ «በግራ በኩል ጥጥ አለበት፤ አውጣው። የምትለብሰው ሰው ባታውቅ ይሻላል» አለችኝ። እሺ አልኩ። አላለቀስኩም። ምላጭ ፈለግኩ።

እህቴ ሐይቅ ከተማ፣ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበረች። የግራ ጡቷን ሲያክሟት ሙሉውን አልቆረጡትም፤ እብጠቱን አወጡና ጡቱን ተዉላት። በጎን በኩል ጎደል አለ። ቤት እንደገባች በየቀሚሷ ገበር ውስጥ ጥጥ ሰፋችበት።

ደሴ ሆስፒታል ለቀጠሮ አብሬያት የምሄደው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ዶክተሩ ሲጠይቃት ሰማሁ።

«መልኩን እንዴት አየሽው? ደስ ብሎሻል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እሱስ ይመስገን። አንቺን ነው የምጠይቀው።»



«ዶክተር፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስፌትዎ ንጹሕ ነው፤ ጨርቁን ግን አሳጠሩብኝ።»

ዶክተሩ ሳቀ። መልስ ሳይሆን ቀልድ ሰጠችው። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እኔም ልጠይቃት ፈለግኩ። ወንድም እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። 

«ምን ያኮሳትርሃል? ወላሂ፣ የተቆረጠው የአንተ ነው የሚመስለው» አለችኝ።

 በዓመቱ በሽታው ሳንባዋ ላይ ወጣ። ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ምላጩን ይዤ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ገበር ከፈትኩ። ጥጥ የለም። ተሰፍቶበት የነበረው ቦታ ዙሪያውን የመርፌ ቀዳዳ ብቻ አለ። ተርትራ አውጥታው፣ ገበሩን መልሳ ሰፍታዋለች። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው።

አረንጓዴው ብቻ ቀዳዳ የለውም። ከሕክምናው በኋላ ለአክስታችን ልጅ ሰርግ የሰፋችው ነው። ገና ደህና ነበረች፤ ስትጨፍር አይቻታለሁ። በብርሃን አየሁት። ሲጀመርም ጥጥ አልገባበትም። የግራውን ደረት ከቀኙ ጠበብ አድርጋ፣ በራሷ ልክ ቆርጣዋለች።

«አወጣኸው?» አለች እናቴ ከበር።

«እሷ አውጥታዋለች፣ እማ። ይሄ ደግሞ ለሌላ ሰው ልክ አይሆንም።»

አረንጓዴውን ተቀበለችኝ። ግራውን በመዳፏ ዳሰሰችው። አጣጠፈችና ከሰደቃው ለይታ አስቀመጠችው።

የቀሩትን ገበሮች ከፍቻቸዋለሁ። መዘጋት አለባቸው። እኔ መስፋት አልችልም።